ጡሩምባ የነፋው ኮምፒውተር

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ማንም አልሞተም። ይህን የምለው ጨዋታውን ከወዲሁ ላበላሽባችሁ ፈልጌ አይደለም። ያን ቅዳሜ ይህንኑ ቃል ቡራዩ ውስጥ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ስናገር ውዬ አንድም የሚያምነኝ ስላጣሁ፣ ቢያንስ እናንተ ታምኑኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። ቁም ሳጥናችን ላይ አንድ ኮምፒውተር አለ። ኮምፒውተር ስላችሁ እንዳሁኖቹ ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ የሚገባውን እንዳታስቡ። ይሄ እኔ ገና ልጅ ሳለሁ የተሠራ፣ ሲያዩት ወፍራም ኪቦርድ ብቻ የሚመስል፣ ሁሉን ነገር ሆዱ ውስጥ የያዘ፣ ቴሌቪዥን ላይ ተሰክቶ የሚሠራና ፕሮግራሙን ከካሴት የሚያነብ ነው። አዎ፣ ከካሴት። እኛ ዘፈን የምንሰማበት ያ ካሴት። ዕቃውን ሸጦ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ቤት ነው የገዛሁት። ሰው ፍሪጅና ሶፋ ሲሻማ እኔ እሱን አቅፌ ወጣሁ። ባለቤቴ ስንዱ በር ላይ ተቀብላኝ "ፍሪጁስ?" አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዳንቴል አልብሳ ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጣዋለች። እንግዳ "ምንድን ነው?" ብሎ ሲጠይቃት "የሱ ነው" ብላ ወሬ ትቀይራለች።

እንግዲህ ይህ ኮምፒውተር አንድ ቀን አንድ ትልቅ ነገር ይሠራል ብዬ ዓመታት ጠበቅሁ። ትልቁ ነገር መጣ። ባይመጣ ይሻል ነበር።

እኔ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ደግሞ ኦቦ ቱፋ ይባላሉ። ቡራዩ ማሳ በነበረችበት ጊዜ አሁን ፎቅ የበቀለበት መሬት ላይ ጤፍ የዘሩ ሰው ናቸው። ሰው ሲሞት ማለዳ ተነሥተው በየመንደሩ ይዞራሉ። ጡሩምባውን አንዴ ረዘም አድርገው ይነፉና የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ በአማርኛም በኦሮምኛም ይጠራሉ። ጡሩምባቸው አፉ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ስላለው ድምፁ መጨረሻው ላይ ይሻክራል። ያን ሻካራ ድምፅ ስንሰማ ጥርሱን የሚፍቀውም፣ ታክሲ የሚጠብቀውም ባለበት ይቆማል።

ጣጣው የጀመረው የኦቦ ቱፋ የፊት ጥርሶች ተራ በተራ ሲለቁ ነው። ጥርስ ከሌለ ከንፈር ምን ይደግፈዋል? ከንፈር ካልተደገፈ ትንፋሹ በጎን በጎን ያመልጣል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀብሮች የተነገርነው በ"ፍፍፍ" ነው። አንድ ጎረቤታችን ጎማ የሚነፋ ሰው የመጣ መስሎት ብስክሌቱን እየገፋ ወጥቷል። የእድሩ ወጣቶች ታዲያ ምክንያት አገኙ። "በዚህ ዘመን ጡሩምባ ምንድን ነው? የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተን መርዶውን እዚያ ላይ እንለጥፍ፤ ኦቦ ቱፋም ይረፉ" አሉ። ነገሩ ለእሑድ ስብሰባ ተቀጠረ። አጀንዳውን የጻፍኩት እኔው ነኝ።

በዚያው ሰሞን ኦቦ ቱፋን ወፍጮ ቤቱ ጋ አገኘኋቸው። "አከም ጅርቱ?" ብዬ እንደተለመደው ሰላም አልኳቸው። "ፈያ" አሉና ጠጋ አሉኝ።

"ጸሐፊ፣ የእሑዱ ስብሰባ ስለ እኔ ነው አሉ።"

"ኧረ ስለ ጡሩምባው ነው ኦቦ ቱፋ" አልኳቸው።

"እንጀራ አልቸገረኝም፤ ልጆቼ ያበሉኛል። ግን ማለዳ ተነሥቼ ምን ላድርግ? እንቅልፍ ከሄደኝ ቆይቷል።"

ዱቄቴን ተሸክሜ ሄድኩ። ቤት ገብቼ ግን ራቴ አልወረደልኝም። ያን ዕለት ነው ዓይኔ ቁም ሳጥኑ ላይ ያረፈው።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ ሳይንስ ላወራ ነው። ሚዲ የሚባል ነገር አለ። ብዙ ሰው የድምፅ ዓይነት ይመስለዋል፤ አይደለም፤ መልእክት ነው። ኦርጋን ላይ አንድ ቁልፍ ስትጫኑ በሽቦው በኩል "ጀምር" የሚል ቃል ይሄዳል። ጣታችሁን ስታነሡ "አቁም" የሚል ይከተለዋል። ወዲያኛው ጫፍ ላይ ያለው ማሽን ድምፁን ያወጣል። የድሮ ኮምፒውተሮች ድምፅ የሚያወጡበት የራሳቸው ክፍል ስላላቸው፣ ውጭ አገር ያሉ ቢጤዎቼ ከኦርጋን ጋር እያገናኙ ያዘፍኗቸዋል። ኢንተርኔት ላይ አይቻለሁ። እኔም አሰብኩ፦ ኮምፒውተሩን እንደ ኦቦ ቱፋ ጡሩምባ እንዲጮኽ ካደረግሁት፣ ሽማግሌው አንዲት ቁልፍ ብቻ ይጫናሉ፤ ጥርስ አያስፈልግም፤ ከዚያ ወጥተው ስሙን ይጠራሉ። እድሩ ይገረማል፤ ወጣቶቹ ያፍራሉ፤ ስንዱም ዳንቴሏን ታነሣለች። እውነቱን ለመናገር፣ የመጨረሻዋ ነገር ከሁሉ በላይ ታጓጓኝ ነበር።

ለኦቦ ቱፋ ግን አልነገርኳቸውም። ሽማግሌ ፊት ያላለቀ ነገር አይቀርብም ብዬ ነው። የመጀመሪያው ሞኝነቴ ይሄ ነበር፤ ሌሎቹን እናንተው እየቆጠራችሁ ተከተሉኝ።

ሰበታ የአክስቴ ልጅ አለ፤ ሰርግ ላይ ኦርጋን ይጫወታል። ግማሹ ቁልፍ የሞተ አሮጌ ኦርጋኑን አዋሰኝ። "የሚሠራው ከዚህ ወዲህ ያለው ብቻ ነው" አለኝ፤ እኔ የምፈልገው አንድ ቁልፍ ነው ብዬ ተሸክሜው መጣሁ። ሁለቱን የሚያገናኘውን ትንሽ ሳጥን ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን ሥዕል እያየሁ ራሴ በየድኩ፤ ጣቴን ሁለቴ አቃጠልኩ። ድምፅ ማጉያውን በመኪና እየዞረ ሎተሪ ከሚሸጥ ወዳጄ ተዋስኩና ጣሪያው ላይ አሰርኩት። መብራት በሄደ ቁጥር ኮምፒውተሩ የተማረውን ሁሉ ስለሚረሳና ካሴቱን እንደገና ስለሚያነብ፣ ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘሁት። መብራት ኃይል ሊያጠፋው እንዳይችል አድርጌ ነው የሠራሁት። ይቺን ያዙልኝ።

አማቴ እማማ በላይነሽ ያን ሰሞን እኛ ቤት ነበሩ። ከሱሉልታ ጉልበታቸውን ሊታከሙ መጥተው ነው። በመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተሩ የንብ ቀፎ ድምፅ አወጣ። በሁለተኛው ቀን የባጃጅ ክላክስ ሆነ፤ አንድ ሾፌር ከደጅ መልስ ሰጠው። እማማ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ስለሚል ብዙም አልተረበሹም። እንዲያውም አንዴ ከሩቅ ሲያዩኝ ቆይተው ለልጃቸው "ይሄ ልጅ ሥራ ፈቷል እንዴ?" ብለው ሲጠይቋት ሰምቻለሁ። በሳምንቱ መጨረሻ ግን ሆነ። ረዥም፣ ከፍ ያለ፣ መጨረሻው ላይ የሚሻክር፤ ስንጥቁ ሳይቀር። በትንሽ ድምፅ አዳመጥኩትና ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ አጨበጨብኩ።

ቅዳሜ ደረሰ። ስንዱ ሆለታ አበባ እርሻ ቢሮ ውስጥ ስለምትሠራ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ትገባለች። እማማ ጓዳ ጋደም ብለዋል። ለነገ ስብሰባ አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኝ ነበር፦ ድምፁ እስከ የት እንደሚሰማ ማወቅ። ቁልፉን ተጭኜ ደግሞ ሩቅ ሄጄ መስማት አልችልም። ስለዚህ ምን አደረግሁ? የነጭ ሽንኩርት መውቀጫዋን ዘነዘና አምጥቼ ቁልፉ ላይ አስቀመጥኩት። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትኩና የግቢውን በር ገርበብ አድርጌ ወጣሁ።

ወገኖቼ፣ አያድርስ ነው። የአምቦ መንገድ አስፋልት ላይ ያለ መኪና ሁሉ የቆመ መሰለኝ። ኩራቴን ግን ምን ልበላችሁ፤ ደረቴ ከሸሚዜ ሊወጣ ደርሶ ነበር።

ሃምሳ እርምጃ እንደሄድኩ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ በሩጫ ከቤታቸው ወጡ። እትዬ ጥሩነሽ የሰፈሩ ልቅሶ ላይ ቀድመው የሚደርሱ ሴት ናቸው።

"ማን ነው?" አሉኝ።

"ማንም የለም እትዬ ጥሩነሽ። አይደንግጡ፣ ሁሉም ደህና ነው" አልኳቸው።

ዓይኔን አዩት። ድምፁ የሚመጣበትን አቅጣጫ አዩት፤ የእኔ ቤት ነው። ከዚያ "እሺ ልጄ፣ እሺ፣ ደህና ይሁን" ብለው ነጠላቸውን አዘቀዘቁት።

ልብ በሉልኝ። እኛ ዘንድ የሰው ሞት የሚነገረው እንዴት ነው? "ማንም አልሞተም፣ ሁሉም ደህና ነው፣ ዝም ብለህ ብቻ ና" ተብሎ አይደል? እኔ ራሴ የአባቴን መርዶ የሰማሁት "ትንሽ አሞት ነው" ተብዬ ነው። ይህን እያወቅሁ ሌላ ምን ልበል? የሞተ ሲኖርም የሚባለው እሱ፣ የሞተ ሳይኖርም የሚባለው እሱ።

ልብስ ሰፊው ከሱቁ ወጥቶ ትከሻዬን ይዞ "አማትህ ናቸው?" አለኝ። "አማቴ ተኝተዋል" አልኩት። አንገቱን ደፋ። "የተኙት እንቅልፍ ነው" ብዬ ላስተካክል ብሞክር ጭራሽ ዕንባው መጣ። ለሚቀጥለው ሰው ሳቅሁለት፤ "ለሰው እንዳይታወቅ ብሎ ነው፣ አይ ጀግና" ሲል ከኋላዬ ሰማሁት። ለባጃጅ ተራ አስከባሪው እውነቱን ሁሉ ዘረገፍኩለት። የሚጮኸው አሮጌ ኮምፒውተር ነው፣ ከኦርጋን ጋር በሚዲ አገናኝቼው ነው፣ ቁልፉ ላይ ዘነዘና ጭኜ ነው አልኩት። እጄን ይዞ በቀስታ ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝና "ውሃ አምጡለት" አለ።

ያኔ መመለስ ነበረብኝ አይደል? አልተመለስኩም። እስከ ሰፈራችን ድልድይ አምስት ደቂቃ ቀርቶኝ ነበር፤ የሠራሁት ነገር ድልድዩ ጋ ይሰማ እንደሆነ ሳላውቅ እንዴት ልመለስ? ሄድኩ። ይሰማል። ዓይኔን ጨፍኜ ለአፍታ አጣጣምኩት። ዓይኔን ስገልጥ በድልድዩ ላይ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች ወደ ቤቴ ሲሄዱ አየሁ። ይሄኔ ነው ወደ ልቤ የተመለስኩት።

አሁን ደግሞ እኔ እየሮጥኩ በምመለስበት ጊዜ ቤት ምን ይሆን እንደነበር ላጫውታችሁ፤ በኋላ ከብዙ አፍ ለቃቅሜ የሰማሁት ነው። የመጀመሪያዎቹ ለቀስተኞች ከነእትዬ ጥሩነሽ ጋር ሲገቡ፣ ሞቱ የተባሉት እማማ በላይነሽ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ቅቤ ይቀባሉ። ሁሉም ደነገጡ። እንግዲህ ሟቹ እሳቸው ካልሆኑ የእሳቸው ሰው ነው፤ መርዶው ገና አልተነገራቸውም ማለት ነው። ስለዚህ ሁሉም ዝም ብለው ዙሪያውን ተቀመጡ። "እንዲያው ልንጠይቅዎት መጣን" አሏቸው። ከጣሪያው ላይ ጡሩምባ ይጮኻል።

እማማ ደግሞ ስንቱን መርዶ ያዩ ሴት ናቸው። አርባ ሰው ነጠላ አዘቅዝቆ ጉልበት ሊጠይቅ እንደማይመጣ ያውቃሉ። "ማን ነው?" አሉ። "ማንም የለም፣ ይረጋጉ" ተባሉ። አበቃ። ደረታቸውን መቱ።

"ወንድሜ ነው! ደመቀ ነው!"

ማንም አልመለሰም፤ ማን ምን ያውቃል? ዝምታው ማረጋገጫ ሆነና የሱሉልታው ደመቀ ተለቀሰ። ስንት ነገር ተባለለት፤ ደግነቱ፣ ቁመቱ፣ የበሬዎቹ ሁኔታ ሳይቀር። በመሃል አንዷ ሴት ለሱሉልታ ዘመዶች እንንገር ብላ ስትደውል ስልኩን ያነሣው ደመቀ ነው። እማማ ስልኩን ነጥቀው "አለህ እንዴ? ታዲያ ማን ነው የሞተው?" አሉት። ደመቀ ምን ይበል? ምስኪኑ "ኧረ እኔ እንጃ" ብሎ ወዲያው ዘመዱን ሰብስቦ ሚኒባስ ይዞ ተነሣ። እማማ ከደመቀ ወደ አክስታቸው ልጅ ተሻገሩ። ቀጥሎ ተራው የእኔ ሆነ።

እኔ ግቢ ስደርስ የእድሩ ድንኳን ቆሟል፤ ወንበር ተደርድሯል፤ ብረት ድስት ተጥዶ ንፍሮው ፈላ ፈላ ይላል። ይህን ሁሉ በግማሽ ሰዓት ውስጥ። ስብሰባ ሲጠራ በሁለት ሰዓት የማይሞላ እድር ነው እንግዲህ። ከድንኳኑ ውስጥ የእማማ ድምፅ ይሰማኛል።

"ወይ አማቼ፣ ወይ አማቼ፣ ፍሪጅ ትቶ ቆርቆሮ የሚገዛ፣ ክፋት የሌለው የዋህ ልጅ…"

ሰው ሁሉ ይነፋረቃል። በኖርኩበት ዘመን እማማ ስለ እኔ ይህን ያህል ደግ ነገር ሲናገሩ ሰምቼ ስለማላውቅ ትንሽ ቆሜ ላዳምጥ ፈልጌ ነበር፤ ግን ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ወደቀ። አፋቸውን እንደከፈቱ አዩኝ። ነጠላቸውን ሰበሰቡ። "አለህ ለካ" አሉ፤ ከዚያ ወደ እትዬ ጥሩነሽ ዞረው "እሱም አይደለም" አሉ፤ ቀጣዩን ማሰብ ጀመሩ።

ወደ ክፍሉ ሮጬ ዘነዘናውን ከቁልፉ ላይ አነሣሁ። ጡሩምባው አላቆመም። ቅድም "ጀምር" እና "አቁም" የሚባሉ ሁለት መልእክቶች አሉ ብያችሁ የለ? "ጀምር" ደርሷል፤ "አቁም" መንገድ ላይ ጠፍቷል። እኔ በየድኩት ባልኩት ሳጥን ውስጥ ነው መቼም የጠፋው። ኮምፒውተሩ ደግሞ "አቁም" እስኪባል ድረስ እስከ ምጽአት ይጮኻል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ኮምፒውተርም ጨምሩበት። ሌሎቹን ቁልፎች ሁሉ መታሁ፤ ጭራሽ ሁለተኛ ጡሩምባ ተጨመረ። ውጭ "ኧረ ሁለት ናቸው" የሚል ጩኸት ተነሣና ልቅሶው እጥፍ ሆነ።

ዞር ስል በሩ ላይ ኦቦ ቱፋ ቆመዋል።

ጡሩምባቸውን በጋቢያቸው ጠቅልለው ይዘዋል። ኦርጋኑን አዩት፤ ኮምፒውተሩን አዩት፤ ወደ ጣሪያው የሚወጣውን ሽቦ በዓይናቸው ተከተሉት። ከዚያ ጋቢውን ፈቱና ጡሩምባውን በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ።

"ጸሐፊ" አሉኝ፣ "እኔ እሑድ መስሎኝ ነበር። ይህን ለማን ላስረክብ?"

ምነው ያኔ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ። ለካ ጩኸቱን ሲሰሙ መጀመሪያ ያዩት ግድግዳቸውን ነው፤ ጡሩምባቸው እዚያው ተሰቅሏል። ያለ እኔ ነፉ ብለው እያሰቡ ነው ይህን ሁሉ መንገድ በእግራቸው የመጡት። እኔ ሳምንት ሙሉ የደከምኩት ለእሳቸው ነበር፤ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ "እንዲህ ላደርግ ነው፣ ምን ይመስልዎታል?" ብዬ ግን አልጠየቅኳቸውም።

"ለእርስዎ ብዬ ነው ኦቦ ቱፋ" አልኩ፤ ድምፄ ከጡሩምባዎቹ በላይ እንዲሰማ እየጮህኩ። "አንዲት ቁልፍ ብቻ ነው የሚጫኑት። ስሙን የሚጠሩት አሁንም እርስዎ ነዎት።"

"መጀመሪያ አጥፋው።"

"እምቢ አለኝ።"

ጎንበስ አሉና የባትሪውን ሽቦ ነቀሉት። ጸጥ አለ። ይህ መላ ለእኔ ያልታየኝ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፤ ስንዱ ምክንያቱን ታውቃለች፤ ግን እዚህ አልጽፈውም።

ኦቦ ቱፋ ሽቦውን ወለሉ ላይ ጣሉት። "ደህና ይጮኻል" አሉ። "ስንጥቁንም አልረሳህም። ማን ሞተ ስትለው ግን ምን ይላል?"

ከውጭ ሌላ ጩኸት መጣ። ስንዱ ናት። እትዬ ጥሩነሽ ደውለው "ምንም አልተፈጠረም ስንድዬ፣ አትደንግጪ፣ ብቻ ቶሎ ነይ" ብለዋታል፤ ከሆለታ እስከ ቡራዩ በታክሲ ውስጥ ስታለቅስ ነው የመጣችው። ሁለት ሰው ደግፏት ገባች። እናቷን አየች፣ አቀፈቻት። እኔን አየች፣ አቀፈችኝ። ከዚያ ከትከሻዬ በላይ ጣሪያው ላይ ያለውን ድምፅ ማጉያ አየች፤ እጇን ከአንገቴ ላይ አነሣች። "ቆይ ብቻ፣ ሰው ይሂድ" አለችኝ በጆሮዬ።

ሰው ግን አይሄድም። የእድሩ ዳኛ አቶ መኮንን ወንበር ላይ ቆመው "ወገኖች፣ የሞተ ሰው የለም፣ ተረጋጉ" ቢሉ ልቅሶው ባሰ። ዳኛው ራሳቸው ወጥተው እንዲህ ካሉ የሞተው ትልቅ ሰው ነው ተባለ። ደመቀና ዘመዶቹ ከሱሉልታ ደርሰው ከበር ጀምረው እያለቀሱ ገቡ፤ ማንን እንደሚያለቅሱ እንኳ አልጠየቁም። አቶ መኮንን ከወንበሩ ወርደው ወደ እኔ መጡና ዝቅ አድርገው "ለእኔ እንኳ እውነቱን ንገረኝ" አሉኝ።

ኦቦ ቱፋ ይህን ሁሉ ከበረንዳው ያዩ ነበር። ጡሩምባውን እንደያዙ ወደ ግቢው በር ሄዱ፤ እዚያ ሲቆሙ ሁሉም ዝም አለ። አልነፉም። ጡሩምባውን በብብታቸው ያዙና በዚያ ጥርስ በሌለው አፍ፣ ሁልጊዜ ማለዳ በሚጠሩበት ድምፅ ጠሩ።

"ሰው አልሞተም! ነምኒ ዱኤ ሂን ጅሩ! ሁላችሁም ወደየቤታችሁ!"

አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገሩት። ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ልብስ ሰፊው ዕንባውን ጠርጎ ሳቀ። "እሳቸው የለም ካሉ የለም" አለ አንዱ። ወጣቶቹ ድንኳኑን ለማውረድ ገመዱን ይፈቱ ጀመር። ደመቀ ብቻ እንዲህ ከመጣን አይቀር ብሎ ንፍሮውን ዘግኖ ተቀመጠ፤ እማማም ከጎኑ ሆነው ስለ እሱ ያሉትን መልካም ነገር በሙሉ መልሰው እንደወሰዱ ነገሩት።

ኦቦ ቱፋ ግን አልቆዩም። ሳያዩኝ ሄዱ።

እሑድ ስብሰባው ሞላ። በሰዓቱ ሲሞላ አይቼ አላውቅም፤ ሁሉም እኔን ሊያይ ነው የመጣው። ኦቦ ቱፋ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጡሩምባው እግራቸው ሥር አለ። አንዱ ወጣት ተነሥቶ "የትላንቱ ነገር የሚያሳየን ወደ ቴሌግራም መሄድ እንዳለብን ነው" ብሎ ጀመረ። እትዬ ጥሩነሽ እጅ ሳያወጡ ተነሡ።

"አንተ ልጅ፣ ትላንት 'ማንም አልሞተም' የሚል ጽሑፍ ስልኬ ላይ ብትልክልኝ አምንህ ነበር? ጸሐፊው በአፉ ነገረኝ፣ አላመንኩትም። ዳኛው ነገሩኝ፣ አላመንኳቸውም። ያመንኩት ማንን ነው?" አሉና ወደ ጥጉ በእጃቸው አሳዩ።

ወጣቱ ተቀመጠ። ውሳኔው ብዙ አልፈጀም። ኦቦ ቱፋ ጥሪያቸውን ይቀጥሉ ተባለ። "መንፋቱስ?" ሲባል አቶ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "መንፋት እንዲህ ካማረው ጸሐፊው አብሯቸው እየዞረ ይንፋ። በራሱ አፍ" አሉ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ውሳኔውን በእኔው እጅ ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍኩ፣ ፈረምኩም።

ይኸውና እስካሁን ትምህርት ላይ ነኝ። በሳምንት ሁለት ቀን ማለዳ ከኦቦ ቱፋ ጋር ሰው ወደሌለበት ወደ ገፈርሳ ወጣ እንልና ባሕር ዛፉ ሥር እንለማመዳለን። በመጀመሪያው ቀን አላናገሩኝም ማለት ይቻላል፤ ጡሩምባውን ሰጥተውኝ ጀርባቸውን አዞሩ። እኔም "ፍፍፍ" አልኩ፤ ያውም ሠላሳ ሁለቱም ጥርሴ እያለ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እየሳቁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ታርቀናል። ከንፈሬን እንዴት እንደማጠብቅ፣ ትንፋሹን ከሆድ እንዴት እንደማወጣ ያሳዩኛል። አሁን ድምፅ ይወጣኛል፤ ላም እምቧ ያለች ይመስላል እንጂ ይወጣኛል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ "ጥሪውንም ልመድ" አሉኝ። "እርስዎ እያሉ?" አልኳቸው። "እኔ ሁሌ አልኖርም ኢልማ ኮ፣ ልጄ" አሉኝ። ለመለማመድ ግን ስም ያስፈልጋል። በማን ስም ልጥራ? የሰፈሩን ሰው ስም ባነሣ ሟርት ነው፤ የዘመድም አይሆን፤ ደመቀንማ እማማ አንዴ ቀብረውታል። ሳወጣ ሳወርድ አዩኝና "በእኔ ጥራ" አሉ። "ኧረ ይተዉ ኦቦ ቱፋ" ብል "እኔ አልፈራም፤ ደግሞስ ትክክል መጥራትህን እኔ ካልሰማሁ ማን ያርምሃል?" አሉኝ። ራቅ ብለው ሄደው ጉቶ ላይ ተቀመጡ፤ ጋቢያቸውን ተከናነቡና ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ።

ነፋሁ። አፌን ከፈትኩ። "ኦቦ ቱፋ…" ብዬ ጀመርኩ፤ ጡሩምባውን ከእጅ ወደ እጅ አቀያየርኩ። ፊቴን ወደ ዛፉ አዙሬ "ኦቦ ቱፋ አርፈዋል" አልኩ፤ ለራሴ እንኳ በደንብ አልተሰማኝም።

ከጉቶው ላይ በቁጣ እጃቸውን አወናጨፉ።

"ጮክ በል እንጂ አንተ፤ በዚህ ድምፅህ ማን ሊቀብረኝ ይመጣል?"